እሪታውን ማዶ አሻገርነው

እኔ ሮጬ የማልጠግብ፣ ሰው አስሩጬም የማልጠግብ ሰው ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ፤ ፊሽካዬ አንገቴ ላይ ካልተንጠለጠለ ራቁቴን የወጣሁ ይመስለኛል። እናም ባለፈው ክረምት ወንድሜ ደውሎ፣ «ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት ተሰንጥቋል። የግብርና ባለሙያው መጥቶ አየውና ዝናቡ ከበረታ ውጡ ብሎናል» ሲለኝ፣ ደንግጬ ቁጭ ማለት ሲገባኝ እጄን አሳከከኝ። ቤተሰቤን በሙሉ አሰልፌ የማስሮጥበት ቀን መጣ አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር በማግስቱ ወደ ገሳይ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ ጭቃውን እየረገጥሁ ስሄድ መንገዱን በሙሉ በሐሳቤ ሥራ አከፋፍል ነበር። ወንድሜ ከብቶቹን ይነዳል። ሚስቱ ልጇን ታዝላለች። እናቴ ስንቁን ትይዛለች። አባቴ ደግሞ... አባቴ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይቆም ነበር። አባቴን ማን ያዝዛቸዋል።

አገሩ የገብስና የድንች አገር ነው፤ ነፋሱ ከጉና ነው የሚመጣው። የአባቴና የወንድሜ ቤት በአንድ ግቢ ነው። ከግቢው በላይ የግጦሽ ሣር አለ፣ ከሣሩ በላይ ባሕር ዛፍ። ስንጥቁ ሣሩን ለሁለት ከፍሎታል። እግሬን ብከትበት እስከ ጉልበቴ ዋጠኝና ቶሎ ብዬ አወጣሁት። ባለሙያው ከስንጥቁ በላይና በታች ችካል ተክሎ በመካከላቸው ገመድ አስሯል። ገመዱ ከተበጠሰ መሬቱ ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው። ከግቢያችን ሥር ያለው ምንጭ ከደፈረሰም ያው ነው። ማዶ ግን ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ ያሉበት ጉብታ አለ፤ ሥሩ ዐለት ስለሆነ የሚነካው ነገር የለም። የትምህርት ቤቱ ጥበቃም አንድ ክፍል ከፍቶ ሰጥቶናል።

«ታዲያ አሁኑኑ ምን ያስቀምጣችኋል?» አልሁት ወንድሜን።

በአገጩ ወደ ቤቱ ጠቆመኝ። «እሳቸውን ጠይቂ።»

አባቴ በር ላይ፣ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠፍር ያለፋሉ። እኛ ልጆቹ እናታችንን አንቺ፣ አባታችንን አንቱ ብለን ነው ያደግን፤ እናቴም አባቴን አንቱ ነው የምትል። ስለዚህ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ፣ «አባየ፣ ስንጥቁን አይተውታል?» አልኋቸው።

«ከአንቺ በፊት አይቸዋለሁ።»

«እና አይወጡም?»

ጠፍሩን ወጠር አድርገው አዩት። «ሰው ከጠላቱ ይሸሻል። ከመሬቱ ሸሽቶ ወዴት ይሄዳል? እኔ ስሜ በሽሽት ተነስቶ አያውቅም። እናንተ ልጅቱን ይዛችሁ ውጡ፣ ደግ ነው። እኔን ግን አትቁጠሩኝ።»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ቢቆጡ እመርጥ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል። እናቴ ከበስተኋላቸው ቆማ ትሰማ ነበር። በኋላ ምድጃው ዘንድ ለብቻችን ስንሆን፣ «እርሳቸው እዚህ ከቀሩ እኔ ማዶ ሄጄ የምኖረው የማን ቤት ነው?» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ ያኔ ገባኝ። ስንቁም፣ ከብቱም፣ ሩጫውም ቀላል ነው። አባቴ ካልወጡ ማናችንም አልወጣንም።

ቢሆንም ዝግጅቱን ጀመርን፤ ስንጀምረውማ ሰርግ የምንደግስ ነበር የሚመስለው። እናቴ ገብስ ቆልታ በሶ አስፈጨች፤ በሶ እሳት አይፈልግ፣ ድስት አይፈልግ፣ ውሃ ብቻ። ቆሎውን በፌስታል፣ ክብሪቱንና የእጅ ባትሪውን በሌላ ፌስታል ቋጠርን። ብርድ ልብሱን ጆንያ ውስጥ ጠቀጠቅነው። መታወቂያውንና የመሬት ደብተሩን እናቴ በጨርቅ አድርጋ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትተኛም አልፈታችውም። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ጆንያውን ተሸክማ፣ ልጇን አዝላ ግቢውን ትዞራለች። «ከበደኝ፣ ቀንሱልኝ» ትላለች። ትንሽ እንቀንሳለን፣ እንደገና ትዞራለች። ሳቅ በሳቅ ነበርን።

አባቴ ከመደባቸው ሆነው፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ።

እናቴ መልስ አታጣም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለውንስ ረሱት? እኛ እየደቆስን ነው።»

አባቴ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት።

የመጀመሪያው ልምምድ በፊሽካ ነበር። «ስነፋ ሁላችሁም የተመደበላችሁን ይዛችሁ ወደ ጉብታው» ብዬ፣ እኔ ሽቅብ ወጥቼ ችካሎቹ አጠገብ ቆምሁ። ደረቴን ሞልቼ ነፋሁ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ውሻው። ቀጥለው ጥጆቹ። ለካ ወንድሜ ጨው ሊያልሳቸው ሲፈልግ በፉጨት ነው የሚጠራቸው፤ ጥጆቹ ከበውኝ ኪሴን ያሸታሉ። የወንድሜ ሚስት ሥር ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «አንቺ፣ ይኼ ለኳስ ሜዳ ነው» አለችኝ ስወርድ። «ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ ማን ይሰማዋል? የአገሩ ነገር እሪ ማለት ነው።»

እውነቷን ነው አልሁ። እሪታ ጆሮ አይመርጥ። እሷ ደግሞ ድምፅ አላት፤ አንዴ ከጮኸች ገደሉ ነው የሚመልስላት። በነጋታው ጠዋት፣ ሰማዩ ጠራ ሲል፣ ችካሎቹ ዘንድ አቆምኋትና እኔ ግቢው መሐል ሆኜ እጄን አነሳሁላት።

«ኡኡ... እሪ... ኧረ የሰው ያለህ...»

ልምምድ መሆኑን እያወቅሁ ጸጉሬ ቆመ። ከዚያ የሆነውን ግን ማንም አላሰበውም። እናቴ፣ ሁሉንም ነገር አብራኝ ያቀደችው እናቴ፣ የስንቁን ቋጠሮ ጣል አድርጋ ሽቅብ ወደ ጩኸቱ ሮጠች። ወንድሜ በሬዎቹን እዚያው ትቶ ሽቅብ ሮጠ። ከላይ ቤት፣ ከታች ቤት፣ ከጎረቤት ማሳ፣ ዱላ የያዘ፣ መጥረቢያ የያዘ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ ሁሉም ሽቅብ። ከሁሉም ቀድመው የደረሱት ማን መሰሏችሁ? «እኔን አትቁጠሩኝ» ያሉት አባቴ። ዱላቸውን ጨብጠው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ከወጣቶቹ ፊት ስንጥቁ አፋፍ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ።

መንደሩ በሙሉ የተሰነጠቀው መሬት ላይ ተሰብስቧል። ያኔ ቢናድ ኖሮ አንድ ሰው አይተርፍም ነበር። ሰው ላሸሽ ብዬ ሰውን ሁሉ ገደሉ አፍ ላይ ከመርሁት።

«ውረዱ፣ ኧረ በማርያም ውረዱ» እያልሁ ሮጥሁ።

ከታች ቤት የሚኖሩት ሽማግሌ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ማን ሞተ? እሳት ነው? አውሬ ነው?» አሉ።

«የለም፣ ልምምድ ነው» አልሁ። ድምፄ ለራሴም ሰለለብኝ።

«ልምምድ?» ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሰውን አዩ። «እሪታ ይለመዳል እንዴ ልጄ?»

አባቴ ግን እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አያውቁም። «ስሚ። በዚህ አገር እሪ ሰምቶ ያልደረሰ ሰው፣ ሰው አይባልም። በጠብ የተኳረፈ እንኳ ይደርሳል። ዛሬ በውሸት ካስጮህሽ ነገ በእውነት ማን ይደርስልሻል? ለጨዋታ እሪ አይባልም። ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። ያን ቀን ምሳ ላይ ማንም አላነጋገረኝም። የወንድሜ ሚስት እንኳ፣ ሐሳቡ የእሷ ሆኖ ሳለ፣ እንጀራዋን አቀርቅራ ትበላለች። እኔ ግን እንደ መከፋት የማይመቸኝ ነገር የለም፤ ሐሳቤ እየሮጠ ነው። አባቴ ሽቅብ ሲበሩ ደጋግሞ ይታየኛል። ያ አልወጣም ያለ ሰውዬ እኮ ከቤቱ ወጥቷል። ማንም ሳይለምነው፣ ጫማ ሳያደርግ ወጥቷል። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ።

እናቴን ጓዳ ተከትያት ገባሁ። «እማየ፣ ጠዋት ሰው ሁሉ ወዴት ነው የሮጠው?»

«ወደ ጩኸቱ ነዋ። ወዴት ይሮጥ ኖሯል?»

«ጩኸቱ ማዶ ቢሆንስ? ጉብታው ላይ?»

ጭልፋዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ በመጋረጃው ክፍተት አባቴን አየች። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ባለሁበት እዘላለሁ። የሚጮኸው ሰው አደጋው ዘንድ ምን ያደርጋል? ደህናው ቦታ ይቁምና ይጩህ፤ ሰው ወደ ጩኸት መሮጡን አይተውም፤ ማንም ማንንም አያስተምር፣ ልምምድም አያስፈልግ። ሰዉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለማመደው የኖረ ነገር ነው።

«እኔ ነኝ የምጮህ» አለች እናቴ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከስንጥቁ ሥር የምንኖር ሰዎች ደጀ ሰላሙ ዘንድ ተሰበሰብን። በድብቅ እንዲሆን አልፈለግሁም፤ አንዴ በውሸት አስጩኼ ተቀጥቻለሁ። ከእንግዲህ ማንም ከላይ ሆኖ እንዳይጮህ፣ እሪታ ከጉብታው ከተሰማ ግን ሁሉም በሩን ትቶ ወደዚያ እንዲደርስ ተነጋገርን። የታች ቤቱ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ እንኳ ልብ ያለው ነው። ብቻ የማይጮህበት ክረምት ያድርግልን» ብለው መረቁ። አባቴም እዚያው ነበሩ፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ለእናንተ ደግ ነው» አሉኝ። «እኔን አትቁጠሩኝ ብያለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ልብ የሚያስመታ ሩጫ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከወንድሜ ጋር ገመዱን እናያለን። ከሰዓት ጉና ላይ ደመናው ሲጠቁር እናቴ የልጅ ልጇን አዝላ፣ ለክፉ ቀን እዚያ ለመገኘት ወደ ትምህርት ቤቱ ትሄዳለች። አባቴ ከኋላዋ፣ «እሪ ባይዋ ወደ ሥራዋ ሄደች» ይላሉ። እሷም ዞር ሳትል፣ «ዝም ብለው ጠፍርዎን ያልፉ» ትላለች። ማታ ስትመለስ፣ «ዛሬም ሳልጮህ ዋልሁ» ትላለች፤ እኛም እሰይ እንላለን።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቀኑንም ሳያባራ ዋለ። ጠዋት ገመዱ ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ እናቴ እንደ ልማዷ ልጅቷን ይዛ ከሄደች በኋላ እኔ ውሃ ልቀዳ ወደ ምንጩ ወረድሁ። ውሃው ድፍድፍ መስሏል። ጀሪካኑን እዚያው ጣልሁትና ሽቅብ በረርሁ። ገመዱ ተበጥሷል። የላዩ ችካል ባለበት ነው፤ የታቹ ችካል ከነሣሩ ዝቅ ብሎ ሄዷል።

ግቢ ስደርስ ለወንድሜና ለሚስቱ መናገር እንኳ አላስፈለገኝም፤ ፊቴን አይተው ተነሱ። እሱ በረቱን ከፈተ፣ እሷ ማዶ ላለችው እናቴ ልትነግር ጆንያውን አነሳች። ያ ሁሉ ስንስቅበት የነበረ ዙረት ሥራ ላይ ዋለ፤ አንድ ነገር ሳይወድቅ፣ አንድ ጥጃ ሳይቀር ወደ ማዶ ተነዱ። ኮራሁባቸው። እኔ ወደ አባቴ ገባሁ።

ከውስጥ ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ይንጫጫል።

«አባየ፣ ገመዱ ተበጠሰ። ምንጩም ደፍርሷል። ይነሱልኝ።»

«ከእነሱ ጋር ሂጂ።»

«እግርዎን ልሳም፣ ይነሱ።»

«ሂጂ አልሁ እኮ።»

ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ። በመጨረሻ አጠገባቸው መደቡ ላይ ዘጭ አልሁ። «እንግዲያው እኔም አልሄድም። ግትርነት ለብቻዎ የተሰጠ መሰለዎት? ከማን ወረስሁት?»

ያኔ ደነገጡ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ውጪ።»

«አንቱም ገና አባቴ ነዎት።»

ከላይ፣ ከዝናቡ ድምፅ ጋር፣ የዛፍ ሥር ሲበጠስ ይሰማኛል። ፈርቼ ነበር፤ እዚህ ላይ ጀግና ነበርሁ ብል ውሸት ነው።

ከዚያ ከማዶ መጣ።

«ኡኡ... እሪ... ኧረ የሰው ያለህ... ኧረ ድረሱልኝ...»

ብዙ እሪታ ሰምቻለሁ፤ የእናቴን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የአባቴ ራስ ቀና አለ። ሁሉንም ያውቃሉ፤ ደጀ ሰላሙ ዘንድ ተቀምጠው የሰሙት ነገር ነው። እጃቸው መደቡን ጨበጠ። ለራሳቸው ነው የተናገሩት፣ «የእሷ ድምፅ ነው።» ሁለተኛው ጩኸት ሲመጣ መሐሉ ላይ ተሰበረ። አባቴ ተነሱ። ዱላቸውን ከጥግ ነጠቅ አድርገው፣ ጋቢያቸውን መደቡ ላይ ትተው ወጡ።

እኔ የስፖርት መምህርቷ ከኋላቸው ሮጬ አልደረስሁባቸውም። በጭቃው ላይ እየተንሸራተትሁ፣ እየሳቅሁም እያለቀስሁም፣ ጀርባቸውን ብቻ እያየሁ ሮጥሁ። ግራና ቀኝ በሮች ይከፈታሉ። ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ፣ ልጁን ይዞ፣ ወደ ጩኸቱ ነው። ሽማግሌውን ልጃቸው አዝሏቸዋል። አንድም ሰው ሽቅብ አልሄደም።

እናቴ የትምህርት ቤቱ አጥር ዘንድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማለች። እኛን እያየችም አላቆመችም። አባቴ ዱላቸውን እንደ ጨበጡ ፊቷ ደረሱ።

«ምን ሆነሽ ነው? ማን ነው?»

እናቴ ሁለት እጃቸውን ያዘች። ያኔ ከኋላችን መሬቱ ሄደ። ነጎድጓድ አይደለም፤ ከእግር ሥር የሚመጣ ድምፅ ነው። ባሕር ዛፎቹ እንደቆሙ ቁልቁል ተራመዱ። በረቱን፣ ጎተራውን፣ ከዚያም ቤቱን ጭቃው ዋጠው፤ ቆርቆሮው ታጥፎ ለጥቂት ጊዜ ከላይ ታየና እሱም ጠፋ። ጎረቤቶች ስም እየጠሩ ሰው ፈለጉ። የተጠራው ሁሉ አቤት አለ።

አባቴ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። ቃላቸው ቁጣም ልመናም ነበረው። «ለጨዋታ እሪ አይባልም ብዬ ነበር። እዚህ ምን ነክቶሽ ነው እንዲያ የጮህሽ?»

«አንቱ እዚያ ቀርተው ነበራ» አለች እናቴ። «ልጅዎም አብራ።»

አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው አጠገቧ ተቀመጡ። ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ አለበሰቻቸው፤ ዝናቡም ሊያባራ ነበር።

የቀረውን ክረምት በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ በሶ እየበጠበጥን፣ በጎረቤት እህል እየተደገፍን ከረምን። ዘንድሮ አባቴና ወንድሜ ጉብታው ላይ ቤት ሠርተዋል። ለምረቃው ሄጄ ነበር፣ ፊሽካዬም አንገቴ ላይ ነበረች። ጠላው ሲደጋገም የታች ቤቱ ሽማግሌ አባቴን ነካ አደረጓቸው። «እንዴት ነው ወዳጄ፣ ሸሽተህ ወጣህ አይደል በመጨረሻ?»

«እኔ አልሸሸሁም» አሉ አባቴ ዋንጫቸውን አስቀምጠው። «ሰው ጮሆብኝ ነው የደረስሁ።»

እናቴ ጠላውን እየቀዳች ነበር። ማሰሮዋን ቀና አድርጋ አየቻቸው።

«ደርሰዋል» አለች። «እኔ ምስክር ነኝ።»